ኮንዶሚኒየም በአየር ላይ፦ የኮዬ ፈጬ ጤፍ ማሳና የፀሐይ ጉዳይ

ሌየር_በሌየር

ሰላም ቤተሰብ። ባለፈው የለጠፍኩትን፣ በፎቶሾፕ ከብዙ ፎቶ የገጣጠምኩትን ሥራ አይታችሁት ይሆናል። ከኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም ብሎኮች አንዱ ከነመሠረቱ ተነቅሎ ከጤፍ ማሳ በላይ ተንሳፍፏል፤ ከሥሩ ጥቁር አፈርና የባሕር ዛፍ ሥር ተንጠልጥሏል። "እንዴት ሠራኸው?" የሚል መልእክት ስለበዛብኝ ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። የማይስማማም ይከራከረኝ።

እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቢያምር ፀሐዩ ከተምታታ ዋጋ የለውም። ሰማዩ ከኢንተርኔት የወረደ፣ ቤቱ ከሌላ አገር፣ ማሳው ከኮዬ ሲሆን አንድ ፎቶ ላይ ሦስት ፀሐይ ይወጣል። ስለዚህ በተቻለ መጠን የራሳችሁን አንሱ። ተመልካች ምክንያቱን መናገር ባይችልም ዓይኑ ይነግረዋል፤ "ኤዲት ነው" ብሎ ያልፋል። ሕንጻ እንደማይበር ሁሉም ያውቃል። ጥላው ልክ ሲሆን ግን ያው ሰው ቆም ብሎ ያያል።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ በሰሜን በኩል ትሆናለች፤ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀሩት ወራት ደግሞ ተቃራኒው ነው። ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ ጥላ ወደ ሰሜን በጣም በሚረዝምበት ሰሞን እንኳ፣ የ10 ሜትር የመብራት ምሰሶ ቀትር ላይ የሚጥለው ጥላ ከ6 ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ያው ምሰሶ ለንደን ቢተከል በዚያው ቀን ቀትር ላይ ወደ 37 ሜትር ይጥላል። እንግዲህ ለንደን በታኅሣሥ የተነሳ ቤት አውርዳችሁ ኮዬ ማሳ ላይ ስታስቀምጡ ምን እንደሚሆን አስቡት። በዚያ ላይ እኛ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። አየሩ ስስ ነው፣ ፀሐዩ ይጠነክራል፣ ጥላውም ጠቆር ይላል።

የኔን ሥራ በዚህ ዓይን እዩት። ማሳውን ያነሳሁት ኅዳር ላይ፣ ጤፉ ለአጨዳ ሲደርስ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ፊቴ ወደ ምዕራብ፣ ፀሐይዋ ከኋላዬ በግራ ትከሻዬ በኩል ነበረች፤ ሩቅ የፉሪ ተራራ ይታያል። ብሎኩንም በዚያው ሰዓት፣ ፊቴን በዚያው አቅጣጫ አድርጌ አነሳሁት። ቦታ መቀየር ይቻላል፤ መዞር ግን አይቻልም። ካሜራው በዞረ ቁጥር ብርሃኑ ሌላ ጎን ላይ ያርፋልና። ሥሩን ያገኘሁት ወደ ቱሉ ዲምቱ መንገድ፣ ዶዘር የቆረጠው አፈር ላይ ነው። አካባቢው መረሬ ስለሆነ አፈሩ ጥቁር ነው፤ ከእንጦጦ ግርጌ የተነሳ ቀይ አፈር ብጠቀም ኖሮ የሰፈሩ ገበሬ በአንድ እይታ ይነቃብኝ ነበር።

አሁን ወደ ጥላው። የሚንሳፈፍ ነገር ሲሠራ አብዛኛው ሰው ጥላውን ልክ ከሥሩ ያስቀምጠዋል። ይሄ የሚሆነው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብቻ ነው። ኅዳር ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ፀሐይ ከአድማስ 35 ዲግሪ ያህል ብትወጣ ነው። ብሎኩ 30 ሜትር ከፍ ካለ ጥላው ከ40 ሜትር በላይ ርቆ ይወድቃል፤ በኔ ፎቶ ወደ ቀኝና ወደ ውስጥ። በዚህ ምክንያት ልክ ከሥሩ ያለው ጤፍ ፀሐይ ላይ ነው ማለት ነው። ፀሐይ ያረፈበት የደረሰ ጤፍ ደግሞ ቢጫ ብርሃን ወደ ላይ ይመልሳል። ስለዚህ የተንጠለጠለውን አፈር ሆድ ጥቁር አላደረግኩትም፤ ሶፍት ላይት (ቀለሙን ለስለስ አድርጎ የሚያዋህድ ሞድ) ባለው ሌየር፣ ማለትም ከፎቶው በላይ በተነባበረ ገጽ ላይ፣ ቀለሙን ከጤፉ ላይ በአይድሮፐር (ቀለም መቅጃው) ወስጄ፣ በቀላል ብራሽ ከታች ወደ ላይ ዳበስኩት። ብዙ ሰው ፎቶውን አይቶ "ምኑ እንደሆነ አላውቅም ግን እውነት ይመስላል" ያለኝ ይቺን ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥላውን ስትሠሩ በጥቁር ብራሽ አትቀቡ። ከርቭስ አድጀስትመንት ሌየር (ከሥሩ ያለውን ብርሃንና ቀለም የሚቀይር ሌየር) ክፈቱ፣ መሐሉን ወደ ታች ሳቡ፣ ማስኩን (ሌየሩ የት እንደሚታይ የሚወስነውን፤ ነጩ ያሳያል፣ ጥቁሩ ይደብቃል) ጥቁር አድርጋችሁ ጥላው የሚወድቅበትን ብቻ በነጭ ክፈቱ። የጤፉ ዘለላ ከጥላው ውስጥ እንደታየ ይቀራል። ከዚያ ፎቶው ከተሠራባቸው ከቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቻናሎች ሰማያዊውን ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ጥላ ውስጥ ያለውን ነገር የሚያበራው ሰማዩ ነውና።

ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

የለገጣፎዋ

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። የጥላው ርቀት ነገር ፈጽሞ አስቤው አላውቅም።

እኔ እየሠራሁ ያለሁት ለገጣፎ ላይ ክረምት የሚወርደውን ጉም እንደ ሐይቅ አድርጌ፣ ሰማያዊ ሚኒባስ እንደ ጀልባ የቆመበት፣ እኔ ጣሪያው ላይ የተቀመጥኩበት ነው። የሚያስቸግረኝ ጸጉሬ ነው። አፍሮ ስለሆነ ስቆርጠው ወይ ዙሪያው ነጭ መስመር ይተዋል ወይ የራስ ቁር የደፋሁ እመስላለሁ። ሌላው ጥያቄ፦ ጉም ላይ ጥላ አለ እንዴ?

ሌየር_በሌየር

@የለገጣፎዋ ሐሳቡን ወደድኩት። ከሁለተኛው ልጀምር። ከደመና በታች ጉም ውስጥ ከሆንሽ ፀሐይ የለችም፤ ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ቁርጥ ያለ ጥላ የለም። ያለው ሚኒባሱ ጉሙን የሚነካበት ቦታ ላይ ለስለስ ያለ ጨለማ ብቻ ነው። ሚኒባሱንና ራስሽንም በደመናማ ቀን አንሺ። ፀሐይ ላይ የተነሳ ሰው ጉም ውስጥ ሲገባ አፍንጫው ሥር ያለው ጥላ ያጋልጠዋል።

ጸጉሩን በተመለከተ፣ ፔን ቱል (ጠርዝን በመስመር ተከትሎ የሚቆርጠው) ለሚኒባስ ነው፤ ለጸጉር አይሆንም። ከተቻለ ከጀርባሽ ንጹሕ ሰማይ አድርገሽ ተነሺ። ቻናልስ ውስጥ ግቢና ሦስቱን አንድ በአንድ እያቸው። ሰማያዊው ላይ ሰማዩ ነጣ፣ ጸጉሩ ጠቆር ብሎ ይታያል። እሱን ኮፒ አድርጊ፣ ሌቭልስ (የጨለማና የብርሃን ማስተካከያውን) ከፍተሽ ሰማዩ ነጭ፣ ጸጉሩ ጥቁር እስኪሆን ሁለቱን ጫፎች ወደ መሐል አቅርቢ። ግን ጥግ ድረስ አትሂጂ፤ ጫፍ ላይ ያሉት ነጠላ ጸጉሮች ግራጫ ሆነው ይቅሩ፣ ለስላሳነቱን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ፊትና ልብስሽን በጥቁር ብራሽ ሙዪው፣ ገልብጪው፣ ማስክ አድርጊው።

ነጩ መስመር የሚመጣው የድሮው ሰማይ ቀለም ጸጉሩ ጠርዝ ላይ ስለቀረ ነው። ማስኩን መጭመቅ ጸጉሩን ይቆርጠዋል። ከላዩ ባዶ ሌየር አድርገሽ ከሱ ጋር ክሊፕ አድርጊና (በሱ ላይ ብቻ እንዲታይ) ብሌንድ ሞዱን (ከሥሩ ጋር የሚዋሐድበትን መንገድ) መልቲፕላይ፣ ማለትም የሚያጨልመውን አድርገሽ፣ ከራስሽ ጸጉር የወሰድሽውን ቀለም ጠርዙ ላይ ብቻ ቀቢ። ይጠፋል።

አራብሳ_40

ይቅርታ አድርግልኝና በአንድ ነገር አልስማማም። የራሳችሁን አንሱ ማለት ለሚችል ነው። እኔ ቦሌ አራብሳ ነው የምኖረው፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሥራ ላይ ነኝ፣ ስልኬም አሮጌ ነው። መሥራት የምፈልገው ዓሣ ነባሪ በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ሲዋኝ ነው። ዓሣ ነባሪ ከየት ላምጣ? ስቶክ (ከኢንተርኔት የሚወርድ የሌላ ሰው ፎቶ) ባይኖር ይሄ ሥራ አይኖርም።

ሌየር_በሌየር

@አራብሳ_40 ልክ ነህ፣ ዓሣ ነባሪውን አውርድ፤ ነጻ ፈቃድ ያላቸው ገጾች አሉ። እኔ የምለው መሬቱ የራስህ ይሁን ነው፤ ብሎኮቹ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ የውኃ ሮቶው። ከዚያ ለመሬትህ የሚስማማ ዓሣ ነባሪ ፈልግ እንጂ ለዓሣ ነባሪው ብለህ መሬትህን አትቀይር።

ውኃ ውስጥ የተነሳ እንስሳ ደግሞ ብርሃኑ ከላይ ነው የሚመጣው፣ ቀለሙም ሰማያዊ ነው፤ ቀይ ብርሃን ውኃ ውስጥ ቶሎ ይጠፋልና። ስለዚህ አራብሳን ቀትር ላይ አንሳው፤ ያ ሁሉም ሰው "መጥፎ ብርሃን" የሚለው ሰዓት ላንተ ትክክለኛው ነው። ከዚያ ዓሣ ነባሪው ላይ ከርቭስ ክሊፕ አድርገህ ቀዩን መልስለት።

አንድ ሌላ ነገር፦ ስልክህን በዓይንህ ቁመት ይዘህ ካነሳህ አድማሱ በሁሉም የቆመ ሰው ዓይን ላይ ያልፋል። ከታች የተነሳ ሰው ብታመጣና አድማሱ ወገቡ ላይ ቢያልፍ ግዙፍ ይመስላል። አስበህበት ከሆነ መልካም፣ ካልሆነ ግን ሥራውን ያፈርሰዋል።

ከጥበብ_ዳር

ቴክኒኩን አደንቃለሁ፤ ግን ሕልም መሰል ነገር የፈረንጅ ፋሽን አይደለም ወይ? እኛ ጋ ምን ሥር አለው?

ጨለማ_ክፍል

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ፎቶ ቤት ውስጥ የሸበትኩ ሰው ነኝ፤ ለዚህኛው ጥያቄ ልመልስ።

የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ በክንፍ ብቻ የሚበሩ ፊቶች የሞላበት ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግር ቆመው፣ የተቆረጠችው እግር ከነክንፏ፣ እሳቸው ስድስት ክንፍ አውጥተው ይሣላሉ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያን አለ፤ በ1937 በፈረንጆች አቆጣጠር አዲስ አበባ ተወልዶ፣ ፓሪስ ኖሮ፣ ተመልሶ የሥነ ጥበብ ት/ቤት አስተማረ። ከሱ ሥር የወጡ ሠዓሊዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ዓይናችን ከማይታየው ጋር ባዳ አይደለም።

ሥራውም ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። ኦስካር ሬይላንደር የሚባል ፎቶ አንሺ በፈረንጆች 1857 ከ30 በላይ ኔጌቲቮችን ተራ በተራ እያተመ አንድ ፎቶ አድርጓቸዋል። አሜሪካዊው ጄሪ ዩልስማን በርካታ ኢንላርጀር (ኔጌቲቭን አጉልቶ ወረቀት ላይ የሚያሳርፍ መሣሪያ) ደርድሮ አንዱን ወረቀት ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወረ ነበር ዛፍን ከነሥሩ አየር ላይ የሚያንሳፍፈው። ፎቶሾፕ በፈረንጆች በ1990 ወጣ፣ ሌየር የተጨመረለት ግን በ1994 ነው። እናንተ "ማስክ" የምትሉትን እኛ በካርቶንና በእጃችን ነበር የምንሠራው።

በምላጭ ስንቆርጥ ደግሞ አንድ ብልሃት ነበረን። የተቆረጠውን ፎቶ ገልብጠን ጠርዙን ከጀርባው በኩል በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እንሞርደዋለን። ወረቀቱ ጫፉ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል። ያን ጊዜ ሲለጠፍ ጠርዙ ጥላ አይጥልም፤ ከላዩ በእርሳስ እንደብቀውና እንደገና ፎቶ እናነሳዋለን። ልጄ ስለ ጠርዝ የጻፍከው ሁሉ ልክ ነው። ጠርዝና ብርሃን፤ ያኔም እነሱ ነበሩ።

የለገጣፎዋ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ያንን የእርሳስ ሥራ ፎቶ አንስተው ቢያሳዩን ምን ያህል ደስ ባለን።

ፎቶቤት_ሰበታ

እኔ ደግሞ ሰበታ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ጋሼ ያሉት አሁንም አለ፤ መሣሪያው ብቻ ነው የተቀየረው። ሰው የሟች አባቱን የጉርድ ፎቶ ይዞ ይመጣል፤ "ሠርጌ ላይ አጠገቤ አቁምልኝ" ይላል። ከዚህ የበለጠ የማይሆን ነገር የለም፤ ከዚህ የበለጠ ደግሞ እውነት እንዲመስል የሚፈለግ የለም። የሚያየው ቤተሰብ ያን ሰው በሕይወት ያውቀዋላ።

ችግሩ የጉርድ ፎቶው ከፊት ለፊት በፍላሽ የተነሳ ነው፣ ጥላ የሚባል የለውም። ሠርጉ ደግሞ ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ላይ ነው። ግማሽ ፊቱን ላጨልመው ስሞክር ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። እንዴት ትሠራዋለህ?

ሌየር_በሌየር

@ፎቶቤት_ሰበታ ይሄ ከኔ ሕንጻ የሚበልጥ ሥራ ነው፤ በአክብሮት ነው የምመልስልህ።

ፊቱን አትንካው። ቤተሰቡ የሚያስታውሰው እሱን ነው። ከሠርጉ ፎቶዎች ውስጥ ድንኳን ሥር ወይም ዛፍ ጥላ ሥር የተነሳውን ምረጥ፤ እዚያ ብርሃኑ ለስላሳ ስለሆነ የፍላሹን ፊት ይቀበለዋል። ፀሐይ ላይ የተነሳው ብቻ ካለ አባትየውን ከኋላ ረድፍ፣ የሌላ ሰው ጥላ ውስጥ አቁመው። ለአካሉ ወንድም ወይም ትልቅ ልጅ ካለ ሱፍ አልብሰህ በዚያው ዓይነት ብርሃን አንሳው፤ የትከሻው አወዳደቅ ሊመሳሰል ይችላል።

የድሮው ፎቶ ወረቀት ሸካራ ከሆነ ስካነር ላይ አታስገባው፣ ሸካራነቱን ያጎላዋል። መስኮት አጠገብ ለስለስ ባለ ብርሃን ከላይ አንሳው። ከዚያ መጨረሻ ላይ ጥራቱን ከፍ ለማድረግ አትታገል፤ ይልቅ ሙሉ ፎቶው ላይ እኩል የሆነ ኖይዝ (ደቃቅ ነጠብጣብ) ጨምርበት። አንዱ ጥርት፣ አንዱ ብዥ ሲል ነው መለጠፉ የሚታወቀው።

"ፈገግ አድርግልኝ" ሲሉህስ?

ፎቶቤት_ሰበታ

ይሉኛል። እምቢ እላለሁ፤ ባልነበረ ፈገግታ የሰው አባት አላስለቅስም። ሌላ ፎቶ ካላቸው ፈልጉ እላቸዋለሁ፤ አንዳንዴ ከአጎት ቤት አልበም ውስጥ ይገኛል።

የድንኳኑ ሐሳብ ገብቶኛል። እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠ አንድ አለ፣ ዛሬ እሞክረዋለሁ። ተባረክ።

ገላን_ማታ

ይሄን ሁሉ ልፋት ግን ለምን? ከ2023 ጀምሮ ፎቶሾፕ ውስጥ ራሱ ጽፈህ የምታዘው አለ። "የሚበር ሕንጻ" ብለህ ብትጽፍ በደቂቃ ይሰጥሃል፣ ጥላውንም ጭምር።

ሌየር_በሌየር

@ገላን_ማታ ሞክሬዋለሁ፣ ለአንዳንድ ነገር እጠቀምበታለሁም፤ ማሳው ጠርዝ ላይ የነበረ የላስቲክ ቁራጭ ያጠፋሁት በሱ ነው። ሕንጻውን ግን አልሰጠውም። የሚሰጥህ ኮንዶሚኒየም የየትም ያልሆነ ኮንዶሚኒየም ነው። የኔ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በረንዳዋን በቆርቆሮ የዘጋች ቤት አለች፤ ከሥሯ ዲሽ፣ ከዲሹ ሥር የዝናብ ውኃ ያወረደው የዝገት መስመር። ኮዬ የሚኖር ሰው ፎቶውን ሲያይ "የኛ ብሎክ!" ነው ያለው። ሕልሙ የዚያ ሰው ሕልም እንዲሆን እኮ ነው የምሠራው። ቤቱን ለማግኘት ዓመታት ሲቆጥብና ዕጣ ሲጠብቅ የኖረ ሰው፣ ያ ቤት ከመሬት ሲነሳ የሚሰማው ሌላ ነው። ጤፉም እንደዚያው፤ ማሳው የሰው ማሳ ነው፣ ከብሎኩ በፊት እዚያ የነበረ። ሁለቱን በአንድ ፎቶ ያቆምኩት አስቤበት ነው።

ከጥበብ_ዳር

ይሄን ከመጀመሪያው ብትጽፈው ኖሮ ያንን ጥያቄ አልጠይቅም ነበር። ገበሬውስ ማሳውን ስታነሳ አየህ?

ሌየር_በሌየር

አስፈቅጄ ነው የገባሁት፤ ሳላስፈቅድ በሰው ሰብል ውስጥ አልቆምም። ፎቶው ሲያልቅ አትሜ ወሰድኩለት። ሰውን የምታስገቡ ከሆነማ ግዴታ ነው፤ ፊቱ ላይ የምትሠሩትን ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። ድሮንም ያለ ፈቃድ አታስነሱ። ከፍታ ከፈለጋችሁ የጂ ፕላስ 7 ብሎክ የመጨረሻው ደረጃ ይበቃል፤ ጥበቃውን ጠይቁት።

አራብሳ_40

በምንድነው የምንሠራው ለሚለውስ? ፎቶሾፕ የለኝም፣ መብራትም ይጠፋል፣ ኔትወርኩም እንደምታውቁት ነው።

የለገጣፎዋ

@አራብሳ_40 እኔ ፎቶፒ ነው የምጠቀመው። ብሮውዘር ላይ ይከፈታል፣ ነጻ ነው፣ ፒኤስዲ (የፎቶሾፕ ፋይል) ያነባል። ፋይልህን ወደ የትም አይልክም፤ እዚያው ማሽንህ ላይ ነው የሚሠራው። አንዴ ከተከፈተ ኔትወርክ ቢጠፋም ይቀጥላል። መብራት ሲጠፋ ግን ያላስቀመጥከው ይሄዳል፤ በየሌየሩ ሴቭ አድርግ። ላፕቶፕህ ከቻለ ጊምፕ የሚባል ሌላ ነጻ ፕሮግራምም አለ፣ በ2025 በወጣው 3.0 ላይ ፊልተሮቹ ሌየሩን ሳያበላሹ ተመልሰው የሚስተካከሉ ሆነዋል።

ሌየር፣ እኔ ደግሞ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ከጉሙ ውጪ ሌላ ሥሪት ጀምሬያለሁ፤ ፀሐይ ወጥታ ሚኒባሱ ከሜዳው በላይ የሚንሳፈፍበት። የጥላውን ጠርዝ ምን ያህል ላደብዝዘው? ሁሉም ቪዲዮ "እስኪያምር ድረስ" ነው የሚለው።

ሌየር_በሌየር

@የለገጣፎዋ በቁጥር ይወጣል። ፀሐይ ሰማይ ላይ የግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት አላት። ስለዚህ የጥላ ጠርዝ ብዥታ ብርሃኑ ከዕቃው ጫፍ እስከ መሬት የተጓዘውን ርቀት ለ100 ስታካፍይው የሚገኘው ያህል ነው፤ በግምት።

ሚኒባስሽ 10 ሜትር ከፍ ብሎ ፀሐይ አናት ላይ ከሆነች ብዥታው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው አብዝቶ በማደብዘዝ ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ብርሃኑ በሰያፍ ስለሚመጣ መንገዱ ወደ 18 ሜትር ይረዝማል፤ ብዥታው 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ወደ ጥላው አቅጣጫ ደግሞ ትንሽ ይለጠጣል። አሁን ወደ ፒክስል ቀይሪው። ሚኒባሱ ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ ነው። ፎቶሽ ላይ 1,000 ፒክስል ከያዘ 1 ሜትር 200 ፒክስል ነው፤ 18 ሳንቲ ሜትር 36 ፒክስል። የጋውሺያን ብለር (የማደብዘዣው) ቁጥር ከጠቅላላው ብዥታ ሲሶ ያህል ስለሚሆን 12 ላይ ጀምሪ። ብለሩን ማስኩ ላይ አድርጊው እንጂ ሌየሩ ላይ አይሁን፤ ሣሩ መደብዘዝ የለበትም።

ከፍታውን ስትቀይሪ ቦታውንም ብዥታውንም አብረሽ ቀይሪ። ከሠራሽው በኋላ ፒኤስዲውን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።